ቤት ለእንቦሳ

በእኛ ሳሎን ሶፋ ላይ ያለ ምንም ይሉኝታ ተመቻችቶ የተቀመጠው የመጀመሪያው ፍጡር ጦጣ ነው። ቀልድ አይደለም። የሐዋሳ ሰዎች ትመሰክሩልኛላችሁ፤ ሐይቁ ዳር የሚኖር ሰው መስኮቱን ከፍቶ ከወጣ፣ ሲመለስ ማን እንደሚጠብቀው አያውቅም። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ባለቤቴ ከገበያ ገብታ የሳሎኑን በር ስትከፍት፣ አቶ ጦጣ ባለሦስት መቀመጫው ሶፋ መሐል ቁጭ ብሎ ሙዝ ይልጣል። ባለቤቴ ጮኸች። እሱ ግን ወዲያው አልተነሣም። «ምነው፣ እንግዳ አይታችሁ አታውቁም?» በሚል ዓይን አየት አድርጓት፣ ሙዙን ጨርሶ፣ ልጣጩን ትቶ፣ በመጣበት መስኮት ወጣ።

ማታ በዚህ ነገር ስንስቅ አመሸን። ትንሿ ልጄ ብቻ አልሳቀችም። «ጦጣው ሲቀመጥ ትስቃላችሁ፤ እኔ ስቀመጥ ግን ትቆጡኛላችሁ» አለች። እኔም ለጊዜው «ዝም ብለሽ ብዪ» ብዬ አለፍኩት። ልጆች እንዲህ ዓይነት ነገር ሲናገሩ ዝም ማሰኘት የአባትነት ማዕረግ ይመስለናል።

እስቲ ቤታችንን ላስጎብኛችሁ። በማኅበር ተደራጅተን፣ በብድርና በቁጠባ የሠራነው ቤት ነው። ሳሎኑ አምስት ሜትር በአራት ሜትር ነው። ከቤቱ ሁሉ ሰፊው እሱ፣ ብርሃን የሚገባበትም እሱ ነው። ውስጡ ከነላስቲኩ የተቀመጠ ቡናማ ሶፋ አለ። ዳንቴል የለበሰ ጠረጴዛ አለ። ከወለል እስከ ኮርኒስ የሚደርስ ቡፌ አለ፤ ቡፌው ውስጥ አንድም ሰው ጠጥቶባቸው የማያውቅ ሃያ አራት ብርጭቆ ተደርድሯል። ጅብሰሙ ላይ የተተከሉትን አምፖሎች ሁሉም አንድ ላይ በርተው ያየኋቸው፣ ኤሌክትሪሺያኑ የሞከራቸው ቀን ነው።

እኛ የምንኖረው ግን እዚያ አይደለም። አምስታችንም የምንኖረው ከማዕድ ቤቱ አጠገብ ባለችው ሦስት በሦስት ክፍል ውስጥ ነው። ምሳው እዚያ፣ ቴሌቪዥኑ እዚያ፣ ልብስ መተኮሱ እዚያ፣ ጥናቱ እዚያ። ትልቁ ልጄ የሒሳብ ደብተሩን አልጋ ላይ ዘርግቶ፣ በሆዱ ተኝቶ ነው የሚሠራው። ሳሎኑን የምንረግጠው ወደ ውጭ ስንወጣና ስንገባ ብቻ፣ ያውም ጫማችንን አውልቀን፣ እንደ ቤተ መቅደስ ነው።

ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1700 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ ቀትር ላይ የምትሞቅ ከተማ ናት። የፈጣሪ ስጦታዋ ሐይቁና ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ነው። እኛ ምን አደረግን? መስኮቱን በወፍራም ከፋይ መጋረጃ ደፈንነው። ከዚያ ሲሞቀን ቬንትሌተር ገዛን። ሶፋው ላይ ያለው ላስቲክ በሙቀት ከእግር ጋር ይጣበቃል፤ ብድግ ስትሉ «ቿ» ይላል። ይህን ሁሉ ከየት አመጣነው ካላችሁ፣ ግማሹን ብርድ ከሚመታቸው የአዲስ አበባ ዘመዶቻችን፣ ግማሹን ከቴሌቪዥን ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ የቱርክ ድራማ በአማርኛ ሲያቀርብልን፣ እኛ ቤት ታሪኩን ብቻ ሳይሆን ሳሎኑንም ነበር የምንከታተለው። እኔ ራሴ የድራማ ሶፋ በስልኬ አንሥቼ እንጨት ሥራ ቤት ድረስ ሄጃለሁ። አናጢው ፎቶውን አይቶ «ይኼ በር ያስገባዋል?» ሲለኝ ተቀይሜው ነበር።

ሴራሚክ ልንገዛ የሄድን ቀን ደግሞ ሁለት ዓይነት ቀረበልን፤ አንዱ ሸካራ፣ አንዱ አንጸባራቂ። ዋጋቸው እምብዛም አይራራቅም። ሻጩ «ሸካራው ለበረንዳ ነው፤ ለሳሎን ፊትዎን የሚያሳይዎት ይሻላል» አለኝ። ተስማማሁ። ፊቴን ለማየት ወደ ወለል ማቀርቀር ለምን እንዳስፈለገኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ባለፈው ክረምት እናቴ ከሀገረ ሰላም መጣች። ሀገረ ሰላም ደጋ ነው፤ ቀርከሃውና እንሰቱ የበዛበት፣ ጠዋት ጉም የሚተኛበት አገር። የመጣችውም ባዶ እጇን አይደለም፤ ቆጮ፣ ቅቤና አንድ ትልቅ ጂባ ይዛ ነው። ጂባውን ማንንም ሳታማክር ከማዕድ ቤቱ ወደ ሳሎኑ በሚያስወጣው በር ፊት አነጠፈችው። «ይኼ ወለላችሁ ውኃ የፈሰሰበት ይመስላል፤ እግሬ አላመነውም» አለች። ሁለት ሳምንት ያህል በጂባው ላይ እየተራመደች፣ ጂባው ላይ ቁጭ ብላ ጥጥ እየፈተለች ከረመች። ልጆቹም ቀስ በቀስ እየመጡ አጠገቧ መጋደም ጀመሩ።

አንድ እሑድ ከአሜሪካ የመጣ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ከነባለቤቱ ሊጠይቀን ቀጠሮ ያዘ። ቤቱ ከጠዋት ጀምሮ ታጠበ፣ ተወለወለ። ያን ጊዜ «እስቲ ይኼን ጂባ አንሡት፤ ወለሉን ሸፈነው» ያልኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ አይደለችም፤ ልጆቹም አይደሉም። እኔ ነኝ። ጂባው ተጠቅልሎ በረንዳ ላይ ቆመ። ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ እናቴ ስኒ የደረደረ ረከቦት ይዛ ከማዕድ ቤት ወጣች። ስኒው ሲንኮታኮት ሰማሁ፤ ቀጥሎ የእሷን ድምፅ ሰማሁ። ቀኝ እጇ ከአንጓው ላይ ተሰብሮ ነበር።

ሐኪም ቤት ሆነን ስልኬ ጮኸ። ጓደኛዬ ነው። «ወንድሜ ይቅርታ፣ ዛሬ አልተመቸንም፤ ወደ አዲስ አበባ ልንመለስ ነው» አለኝ። ወለሉን የምናሳየው ሰው አልመጣም።

ማታ እጇ በጄሶ ታስሮ፣ ሦስት በሦስቷ ክፍል ውስጥ አልጋ ላይ ተቀምጣ፣ በሲዳምኛ ጠየቀችኝ። ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ነው፤ «ያ ትልቁ ክፍል የማን ነው?» «የእኛ ነዋ» አልኳት። «እንግዲያ ለምን ትፈሩታላችሁ?»

መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ግን ይህን ጥያቄ ሳመላልሰው ከረምኩ። ዛሬም ወደ እናንተ ይዤው የመጣሁት ብቻዬን ስለከበደኝ ነው።

መጀመሪያ ለራሴ ጥብቅና ቆምኩ። «እኛ እኮ እንግዳ አክባሪ ሕዝብ ነን» አልኩ። ጥሩውን ለእንግዳ ማስቀመጥ ነውር ሳይሆን ምግባር ነው። አያቶቻችን ራሳቸው ጎመን እየበሉ ዶሮውን ለመንገደኛ አርደዋል፤ ራሳቸው መሬት ተኝተው አልጋውን ለቀዋል። የእኔ ሳሎንስ ከዚህ በምን ይለያል? ክርክሩ አሪፍ ነበር፤ ዕድሜው ግን አጭር ሆነ። ምክንያቱም እውነተኛው እንግዳችን ማን እንደሆነ ቆጠርኩ። በሳምንት ሦስት ቀን ቡና ልትጠጣ የምትመጣው ጎረቤታችን የት ነው የምትቀመጠው? ማዕድ ቤት፣ በርጩማ ላይ። የእድሩ ሰብሳቢ የወር መዋጮ ሊቀበሉ ሲመጡ? በረንዳ ላይ። እናቴስ? ጂባዋ ላይ፤ እሱንም ነጠቅናት። ሳሎኑ የሚጠብቀው የማይመጣውን እንግዳ፣ ቢመጣም አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ ዋጋችንን ተምኖ የሚሄደውን እንግዳ ነው። አያቴ ለመንገደኛው አልጋዋን ስትለቅ የሱን ድካም አይታ ነው። እኔ ሶፋዬን የጠቀለልኩለት ሰው ድካም አላሳሰበኝም። ያሳሰበኝ ስለ እኔ የሚለው ነገር ነው። «የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» የሚባለው ለጠባይ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ቤትም እንዲሁ ቀጋ ይሆናል።

ይህን ግኝቴን በኩራት ለባለቤቴ ነገርኳት። ከእኔ ጋር የምትስማማ መስሎኝ ነበር። በጥሞና ሰምታኝ ስታበቃ እንዲህ አለችኝ፦

«አንተ ሶፋ መናቅ ትችላለህ። ሽማግሌ የላክብኝን ቀን ታስታውሳለህ? እናቴ ወንበር ከሁለት ጎረቤት፣ ስኒ ከሌላ ጎረቤት ተውሳ ነው የተቀበለቻቸው። አጎትህ ንግግር እያደረጉ ሳለ አንዷ ጎረቤት ልጇን ልካ "ወንበራችንን እንግዳ መጣብን" አስባለች። እናቴ በሰው ፊት ተነሥታ የተቀመጠችበትን ሰጠችው። እኔ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ አይቻለሁ። ይኼን ሶፋ ሁለት ዓመት እቁብ ጥዬ ነው የገዛሁት። ከተበላሸ ሌላ የምገዛበት የለኝም። አንተ ይሉኝታ ያልከው እኔ ጋ ሌላ ስም አለው።»

ጉድ ነው! ሁለት ሳምንት ያሰብኩት ፍልስፍና በአንድ የተውሶ ወንበር ተገለበጠ። እውነቷን ነው። ያጣ ሰው ያገኘውን ዕቃ ቢሸፍን ስግብግብ አይባልም። ላስቲኩ የሸፈነው ጨርቁን ብቻ አይደለም፤ የሁለት ዓመት እቁቡንና ዳግም የተውሶ ወንበር ላይ ላለመቀመጥ የተገባውን መሐላ ጭምር ነው። ሀብታም ሶፋው ሲቆሽሽ ይለውጣል፤ «ዕቃ ለሰው ነው» ማለትም ይቀለዋል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምታነቡ፣ በጎረቤታችሁ ሶፋ ላስቲክ ላይ ከመሳቃችሁ በፊት ታሪኩን ጠይቁ።

ያም ሆኖ አንድ ነገር አልተፈታልኝም። ያ ሶፋ የተገዛው ልጆቻችን እንደ እናታቸው በወንበር እጦት እንዳይሸማቀቁ ከሆነ፣ አሁን በወንበሩ የሚሸማቀቁት እነማን ናቸው? ልጆቻችን አይደሉም እንዴ? ውርደትን ለማምለጥ የሠራነው ክፍል የገዛ ልጃችንን «ተነሽ!» የሚል ከሆነ፣ ያ ወንበሩን ሊወስድ የመጣው የጎረቤት ልጅ ዛሬም ቤታችን ውስጥ አለ ማለት ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። በእንግሊዝ አገር በኢንዱስትሪው ዘመን ብዙ የሠራተኛ ቤተሰብ ከፊት ለፊት ያለችውን ክፍል ዘግቶ፣ ሁሉም ማዕድ ቤት ተፋፍጎ ይኖር ነበር። ክፍሏ የምትከፈተው ለእሑድ፣ ለበዓልና ለአስከሬን ነበር። የኦስትሪያው የሥነ ሕንፃ ባለሙያ አዶልፍ ሎስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1900 ስለ አንድ «ድሃ ባለጸጋ» አጭር ታሪክ ጽፏል። ሰውዬው ቤቱን የሚያሳምርለት ባለሙያ ይቀጥራል። ባለሙያው እያንዳንዷን ዕቃ ቦታ ቦታዋን አስይዞ ይሠራለታል። በልደቱ ቀን ልጆቹና ሚስቱ ስጦታ ሲሰጡት ባለሙያው መጥቶ ይቆጣል፤ ቤቱ ተሟልቶ አልቋልና ምንም ሊጨመርበት አይገባም። ሰውዬው ገና በሕይወት እያለ ሕይወቱ እንዳለቀ ገባው። እኔ ባለጸጋ አይደለሁም፤ የእናቴን ጂባ ግን አስነሥቻለሁ።

ታዲያ ያጌጠ ቤት ሁሉ ለኑሮ አይመችም ማለት ነው? አይደለም። ሐረር ጀጎል ውስጥ የገቡ ያውቁታል፤ ከሐረሪ ቤት በላይ ያጌጠ ቤት በአገራችን እንጃ። ግድግዳው በስፌትና በሳህን ተሸፍኗል፤ ወለሉ ቀይ ነው። ግን እያንዳንዱ ጌጥ ሥራ አለው። ነደባ የሚሉት ከፍና ዝቅ ያለው መደብ ጌጥም ነው፣ መቀመጫም ነው፣ የማን ክብር የት እንደሆነ የሚናገር ሥርዓትም ነው። ግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩት መደርደሪያዎች ዕቃ ይይዛሉ። ቤቱ የሚያምረው ስለሚኖሩበት ነው።

እኔ ያደግኩበት የሲዳማ ደጋ ቤትም እንዲሁ ነበር። ከቀርከሃ የተጎነጎነ ክብ ቤት ነው። ግድግዳው ራሱ እንደ ስፌት ነው፤ ጎንጉኖ የሠራው ሰው ውበቱንም ጥንካሬውንም በአንድ እጅ ነው ያወጣው። መሐል ላይ እሳቱ፣ በአንድ በኩል እኛ፣ በሌላው በኩል ከብቶቹ። ለፊቼ ጫምባላላ ሻፌታው መሐል ላይ ተቀምጦ ሁላችንም ዙሪያውን እንከበዋለን። ዩኔስኮ ይህን በዓል በ2008 ዓ.ም. በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከሻፌታው ማንም ሕፃን «አትንካ» አይባልም፤ ዋናው ዕቃ የዋናው ቀን ነው፣ የሁሉም ነው። ያንን ቤት አላሞካሽም፤ ጭሱ የእናቴን ዓይን አበላሽቷል፤ ተመለስ ብትሉኝም አልመለስም። ግን እዚያ ቤት ውስጥ እግሩን የሚፈራ ሰው አልነበረም።

ሩቅ ምን አስኬደኝ? ከግቢያችን አጠገብ ባለ አንድ ሰርቪስ ክፍል ውስጥ አራት ወጣት ሴቶች ተከራይተው ይኖራሉ። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች ናቸው። ለአራት ሁለት አልጋ አላቸው። አልጋው ቀን ቀን ሶፋ ነው፤ ካርቶኑ ጨርቅ ለብሶ ጠረጴዛ ነው፤ ግድግዳው ላይ የየቤተሰቦቻቸው ፎቶ ተለጥፏል። እሑድ ቡና ሲያፈሉ ልጆቼ የሚጠፉት እዚያ ነው። ለካ ልጆቼ ሳሎን ፍለጋ ነበር የሚሄዱት።

በመጨረሻ ባልና ሚስት ተቀምጠን ተደራደርን። ላስቲኩ ይነሣ፤ ነገር ግን ባለቤቴ የሚታጠብ ጨርቅ ታሰፋለታለች። ስድስት ብርጭቆ ከቡፌው ይውጣ፤ አሥራ ስምንቱ ይቆይ። ከፋዩ መጋረጃ ተነሥቶ በቀጭን ጥጥ ይለወጥ፣ ለጦጣው ደግሞ መስኮቱ ላይ ወንፊት ይደረግ። ጠረጴዛው ዳንቴሉን አውልቆ የልጆቹ ማጥኛ ይሁን። ሴራሚኩን መንቀል አቅም የለንም፤ ስለዚህ ጂባው ይመለስ፣ ሁለት ተጨማሪም ይገዛ።

አሁን ሁሉም አምሮ ተጠናቀቀ ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም። በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ብርጭቆ ተሰብሯል። ሶፋው ላይ የሽሮ ወጥ ፈሶ፣ ከነጨርቁ ዘልቆ ገብቶ፣ ቀለሙ አልለቅ ብሏል። ባለቤቴ ያን ቀን ለብቻዋ ገብታ በሩን ዘጋች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ምንም አላልኳትም፤ «ዕቃ ለሰው ነው» ማለት ያን ሰዓት ጭካኔ ነው። ስፖንጅና ሳሙና አምጥቼ አብሬያት ፈተግኩ። እድፉ አሁንም አለ። ትንሿ ልጃችን ሁልጊዜ እሱ ላይ ነው የምትቀመጠው፤ «እንዳይታይባችሁ ብዬ ነው» ትላለች። እንግዲህ ይሉኝታ በዘር ሳይተላለፍ አይቀርም።

እናቴ ጄሶው ሲፈታላት ወደ አገሯ ተመልሳ ነበር። ሰሞኑን ደግሞ መጣች። እጇ አሁንም እንደ ልብ አይታጠፍላትም፤ እንዝርቱን በግራዋ ለመለማመድ ትሞክራለች። ይህን ባየሁ ቁጥር ወለሉ ላይ ፊቴ ይታየኛል።

በሩ ላይ ቆማ፣ አንድ ሰው አዲስ ቤት ሲገባ እንደሚለው «ቤት ለእንቦሳ!» አለች። እኛም እንደ ወጉ «እንቦሳ እሰሩ!» አልናት። ይህን ምርቃት ስንት ጊዜ ብለነው፣ ስንት ጊዜ ተብሎልን ትርጉሙን ሳናስብ አልፈናል። ቤትህ ሕይወት ያለው ነገር ይታሰርበት፣ የሚዘል፣ የሚያቆሽሽ፣ የሚያድግ ነገር ይኑርበት ማለት እኮ ነው። ቤት ለሶፋ አልተባለም።

እናቴ ወዲያው አልገባችም። ጫማዋን አውልቃ፣ በእግሯ ጣት ጂባውን ጫን ጫን አድርጋ ሞከረችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችን።

«አሁን እንኳ እንቦሳው ሳይንሸራተት ይቆማል» አለችና ገባች።